የባስ ጊታር አንገትና የላስታ ማሲንቆ

የተማሪዎች ማኅበራችን ለሙዚቃ ክበቡ አንድ ባስ ጊታር እንዲገዛ ከተፈቀደ ወዲህ በመኝታ ቤቶቹና በምግብ አዳራሹ ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ እንደ ፖለቲካው ወዳጅ የሚለያይ ባይሆንም ወጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የሚያቆይ ሆኗል። ነገሩ የጊታሩ አንገት ከአካሉ ጋር በምን ይያያዝ የሚል ነው። ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ያሉት ወንድሞቻችን «አንገቱ ከራሱ እስከ ጅራቱ አንድ ወጥ እንጨት ካልሆነ ድምፁ ዕድሜ አይኖረውም፤ በቪት የታሰረ አንገት ድምፁን መጋጠሚያው ላይ ይበላዋል» ይላሉ። ወጥ አንገት ያለው መሣሪያ ደግሞ በቪት ከሚታሰረው ይልቅ ዋጋው እጅግ የከበደ ነው። ክበቡ ያለው ገንዘብ የታወቀ ስለሆነ ወጡን ከገዛን አምፕሊፋየሩ ይቀራል። ያለ አምፕሊፋየር ደግሞ ባስ ጊታር ማለት ሽቦ የተወጠረበት ሳንቃ ማለት ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን «ስለ እንጨትና ስለ ቪት ምን አገባህ» የሚለኝ አይጠፋም። ነገር ግን ያደግሁት በላስታ ነው፤ የእናቴ ወንድም አዝማሪ ናቸው፤ በአንድ ማሲንቆ ላይ ሦስት አንገት ሲፈራረቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ። ይህን ዕድል ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቼ መካከል ያገኘ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ማኅበሩ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የምለውን ልበል።

በመጀመሪያ የነገሩን ታሪክ ባጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በየመድረኩ የምናየው ባስ ጊታር በገበያ ላይ በሰፊው መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ ሊዮ ፌንደር የሚባል ሰው «ፕሪሲሽን» ብሎ የሰየመውን ባስ አወጣ። ፌንደር ሥራውን የጀመረው በሬዲዮ ጠጋኝነት ሲሆን፣ የሚገርመው ግን ራሱ ጊታር መምታት ሳይማር መሞቱ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚያስበው ዕቃው ሲበላሽ እንዴት ተፈትቶ እንደሚጠገን ነውና አንገቱን ለብቻው ከሜፕል እንጨት ሠርቶ በአካሉ ላይ በአራት ቪት አሰረው። አንገቱ ቢጣመም ቪቶቹን ፈትቶ ሌላ አንገት መግጠም ነው። ጊብሰን የተባለው ኩባንያ ግን የቫዮሊን ሠሪዎችን የቆየ ልማድ በመከተል አንገቱን በኮላ እያጣበቀ ይሠራ ነበር። ሦስተኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1957 ሪከንባከር ባወጣው 4000 በተባለው ባስ ላይ ታየ። በዚህኛው አንገቱ የሚቆም የለም፤ አንዱ እንጨት ከመቃኛዎቹ ተነሥቶ በአካሉ መካከል አልፎ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ አካል የምንለው በግራና በቀኝ የተለጠፈ ክንፍ ብቻ ነው። ክርክራችን እንግዲህ በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነው፤ በቪት፣ በኮላ ወይስ ወጥ።

የወጡ ደጋፊዎች የሚሰጡት ምክንያት ሲሰሙት ያሳምናል። አውታሩ ሲመታ ይርገበገባል፤ ርግብግቡ በእንጨቱ ውስጥ ይጓዛል፤ መጋጠሚያ ሲያገኝ ይሰናከላል፤ ስለዚህ መጋጠሚያ የሌለው መሣሪያ ድምፁ ይረዝማል፣ ይላሉ። እስቲ ግን ነገሩን ከሌላው ጫፍ እንየው። የተመታ አውታር ከጣታችን የተቀበለው ጉልበት የተወሰነ ነው። ያ ጉልበት የሚያልቀው በአየሩ፣ በራሱ በአውታሩ ውስጥ ባለው ሰበቃና አውታሩ በተደገፈባቸው በሁለቱ ጫፎች በኩል ነው። ጫፎቹ ድንጋይ ቢሆኑ ኖሮ ጉልበቱ አውታሩ ላይ ይቀርና ድምፁ ይቆይ ነበር። ጫፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግን ጉልበቱ ወደ እንጨቱ ይፈሳል። እንጨቱ ውስጥ የገባ ጉልበት ከአውታሩ የወጣ ጉልበት ነው። እንግዲህ ድምፁ በእንጨቱ ውስጥ «በደንብ ከተጓዘ» ዕድሜው ይረዝማል የሚባለው አነጋገር ነገሩን ገልብጦ የያዘ ነው። ገንዘቡ ከኪሱ በደንብ የሚወጣለት ሰው ሀብታም ሆኖ ይቆያል እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሲንቆው ልምጣ። ወጥ አንገት የአሜሪካ ፈጠራ የሚመስለው ካለ ወደ ማንኛውም የወሎ ጠጅ ቤት ገብቶ ማሲንቆን ልብ ብሎ ይመልከት። የማሲንቆ አንገት ከላይ ከመቃኛው ተነሥቶ ባለ አራት ማዕዘኑን ሳጥን ከአንዱ ማዕዘን ይበሳና በውስጡ አልፎ በታችኛው ማዕዘን በኩል ብቅ ይላል። ጭራው የሚታሰረው ብቅ ባለው ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ በቆዳው ላይ በቆመው በርኩማ ላይ ተሻግሮ ወደ መቃኛው ይወጣል። እንግዲህ የጭራውን ውጥረት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከመው አንድ እንጨት ነው። የዚህም ጥቅሙ ለሳጥኑ ነው፤ ውጥረቱን የሚሸከምለት ስላገኘ ሳጥኑ ስስና ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ስስ በመሆኑም ቆዳው ደህና አድርጎ ይጮኻል። የጥንት ባለሙያዎች አንገቱን ወጥ ያደረጉት ድምፁ እንዲረዝም አይደለም። እንዲያውም ደጋኑን አስቀምጦ የማሲንቆውን ጭራ በጣቱ የነካ ሰው «ላስታ» ብሎ ሳይጨርስ ድምፁ ያልቅበታል። በርኩማው የቆመው በፍየል ቆዳ ላይ ነው፤ ቆዳው የጭራውን ጉልበት በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ለአየሩ ይሰጠዋል። የማሲንቆ ድምፅ የሚረዝመው ደጋኑ ያለማቋረጥ ስለሚመግበው ብቻ ነው። ወጥ አንገት ብቻውን ዕድሜ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ማሲንቆ በዓለም ላይ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ድምፀ ረዥም በሆነ ነበር።

ሦስት አንገት አይቻለሁ ያልሁትም እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ላስታ ሲገባ ዘመዶቻችን በሌሊት ወደ ቆላው ወረዱ። የአጎቴ ማሲንቆ በአህያ ጭነት ላይ ከእህል ጆንያ በታች ገብቶ ስለ ነበር አንገቱ ከሳጥኑ ብቅ ከሚልበት ላይ ተቀነጠሰ። ያ የተሰበረው አንገት ከአባታቸው የወረሱት ሲሆን ከወይራ የተጠረበ፣ በእጅ ብዛት የጠቆረና እንደ መስተዋት የለሰለሰ ነበር። አገር ሲረጋ አጎቴ ለጊዜው ይሁን ብለው ከጓሮ አንድ የባሕር ዛፍ ቆርጠው ጠረቡና ሰኩበት። ሳጥኑ ያው ነው፤ ቆዳው ያው ነው፤ ደጋኑም ያው። የተለወጠው አንገቱ ብቻ ነው።

ድምፁ ግን ታነቀ። ሌላ ቃል አላገኝለትም። አንድ ዘፈን ጀምረው ሳይጨርሱ ቃናው ወርዶ ያገኙታል፤ ይቃኙታል፤ እንደገና ይወርዳል። ከፍ ያለውን ዜማ ሲይዙ የነበረው ጥራት ጠፍቶ አንዳች የሚጎረብጥ ነገር ይሰማል። የሰፈሩ ሰው «የአባትየው መንፈስ ከአንገቱ ጋር ሄደ፤ ያ ድምፅ ከእንግዲህ አይመለስም» አለ። አዝማሪ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ከተወራበት ለሠርግ የሚጠራው አያገኝም። የላሊበላ እንግዳ በዚያን ጊዜ ቀርቶ ስለ ነበር ሠርጉ ብቻ ነበር የቀራቸው። ለእረፍት ወርጄ ሳለሁ አንድ ማታ ጠየቅኋቸው።

«አጎቴ፣ ምን ነካብዎ ማሲንቆው?»

«አንገቱ ይታዘዛል፣ ልጄ» አሉኝ። «ጭራውን ስስበው እሱም አብሮ ይመጣል። የአንገት ሥራው መቆም ነው። ይኸው መቆም አቃተው።»

እርጥብ እንጨት እንደሆነ ነገሩኝ። እርጥብ እንጨት በውጥረት ውስጥ ሲኖር ቀስ በቀስ እየጎበጠ ይሄዳል፤ ሲጎብጥ ጭራው ይላላል፤ ሲላላ ቃናው ይወርዳል። በተጨማሪም ከእያንዳንዱ የደጋን ምት ጋር ራሱ ይወዛወዛል። በዓመቱ ከአንድ የፈረሰ አሮጌ ቤት ጣራ ላይ የወይራ ወራጅ አገኙ። ስንት ዘመን ጭስ እየጠጣ የደረቀ እንጨት ነው። ጠርበው ሲጨርሱ «ይኼ አርጅቶ የጨረሰ ነው፤ ከእንግዲህ የሚሄድበት የለም» አሉ። ሲሰኩት ድምፁ ተመለሰ። እርግጥ ልክ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አዲሱ አንገት ከአባታቸው ጥቂት ወፈር ስለሚል ድምፁ ጠንከርና ሻከር ያለ ሆኗል። እኔ በበኩሌ የአሁኑን እመርጣለሁ፤ እሳቸው ግን የአባታቸውን ይመርጣሉ። ሠርጉም ተመልሷል።

ከዚህ ታሪክ የማወጣው ነገር እነሆ። ሦስቱም አንገቶች ወጥ ነበሩ፤ ሦስቱም ሳጥኑን በስተው የሚያልፉ ነበሩ፤ አገጣጠማቸው ፈጽሞ አልተለወጠም። ድምፁ ግን ሦስት ዓይነት ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው የእንጨቱ ድርቀት፣ ጥንካሬውና ውፍረቱ ነው። ደጋኑን ትቼ ጭራውን በጣቴ ስነካው ደግሞ የድምፁ ዕድሜ በሦስቱም አንድ ነበር፤ ሁሉም «ላስታ» ሳይሞላ ያልቃል። እንግዲህ አንገት ቃናውን መለወጡ እውነት ነው፤ ወጥ ስለሆነ ግን ዕድሜ አይሰጥም።

«ማሲንቆና ባስ ጊታር አንድ አይደሉም» የሚለኝ አለ፤ ልክ ነው። ባስ ጊታር ቆዳ የለውም፤ አካሉ ድፍን እንጨት ስለሆነ ድምፁን የሚለቅመው በአውታሩ ሥር ያለው ማግኔት ነው። ስለዚህ በባሱ ላይ የተደረገ ምርመራ ቢኖር ይሻላል፤ አለም። አር. ኤም. ሞቶላ የተባለ አሜሪካዊ የጊታር ሠሪ የሦስቱን የአንገት አገጣጠም የድምፅ ዕድሜ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አሳትሟል። በመለኪያው ዘንድ ረዥሙን ዕድሜ ያገኘው፣ ወንድሞቼ ሆይ፣ በቪት የታሰረው ነው። ነገር ግን ልዩነቱ በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ አድማጮች በጆሮአቸው ሊለዩት አልቻሉም። እኔ ከዚህ ተነሥቼ «ቪት ከወጥ ይበልጣል» ብዬ አልፎክርም። ጆሮ ሊሰማው የማይችለውን ነገር ለማግኘት አምፕሊፋየሩን መሠዋት ግን ሞኝነት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ጃኮ ፓስቶሪየስም ምስክር ይሁነኝ። ይህ ሰው የሚታወቀው እንደ ሰው ድምፅ በሚያዜመው፣ በረዘመው የባስ ቃናው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በስሙ በወጣው ሸክላ ላይ ይሰማል። መሣሪያው የፌንደር ጃዝ ባስ፣ አንገቱም በቪት የታሰረ ነበር። እሱ ያደረገው የብረቱን ፍሬቶች ነቅሎ ጣት የሚያርፍበትን እንጨት ለጀልባ በሚሆን ጠንካራ ቅብ መቀባት ነው። ይኸውም አውታሩ የሚደገፍበትን ጫፍ አጠነከረ፤ መጋጠሚያውን ግን አልነካውም።

እዚህ ላይ ስለ ጣት ጥቂት ልጨምር። ማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን ወደ አንገቱ አይጫንም፤ ጣቱ ጭራውን በአየር ላይ ይነካዋል እንጂ እንጨት አይደርስም። የድምፁ ጫፍ ሥጋ ነው ማለት ነው። ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ በዋናው ድምፅ ላይ ተደርበው የሚወጡትን ቀጫጭን ድምፆች ይውጣቸዋል። የማሲንቆ ድምፅ የሰው ጉሮሮ የሚመስለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ባስ ጊታር ላይ ግን ጣታችን አውታሩን በብረት ፍሬት ላይ ይጫነዋል፤ ስለዚህ ድምፁ ጥርት ያለና ረዥም ይሆናል። የአንገት ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያየው ታችኛውን መጋጠሚያ ነው፤ ዋናው ነገር ግን ያለው ላይ፣ ከጣቱ ሥር ነው።

የእርጥቡ ባሕር ዛፍ ጣጣ በባስ ጊታርም ላይ አለ፤ በሌላ መልክ ነው የሚመጣው። የባስ አንገት ረዥም ነው። ከታችኛው ድጋፍ እስከ ላይኛው ድረስ ያለው የአውታሩ ርዝመት በፌንደር ባስ 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አራቱ አውታሮች ተደምረው 70 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ይስቡታል። አንድ ጎልማሳ ሰው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎበት እንደሚኖር ቁጠሩት። ለዚህ ነው በእንጨቱ ውስጥ የብረት ዘንግ የሚቀበርበት። የጊብሰን ባልደረባ የነበረው ቴዲየስ ማክሂው እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ዘንግ በቁልፍ ሲጠብቅና ሲላላ አንገቱን ያቃናዋል። አጎቴ ይህን ቢያገኙ ኖሮ ባሕር ዛፉን ባልጣሉት።

ይሁን እንጂ የተቃና አንገትም ቢሆን ይርገበገባል። እንደ ማንኛውም እንጨት የራሱ የሆነ፣ ሲነካ የሚወደው ፍጥነት አለው። የምንመታው ድምፅ ከዚያ ፍጥነት ጋር በገጠመ ጊዜ አንገቱ ይነቃና የአውታሩን ጉልበት ይቀማዋል። ድምፁም እንደ ሌሎቹ ሳይቆይ ቱፍ ብሎ ይጠፋል። ባስ ተጫዋቾች ይህን «የሞተ ቦታ» ይሉታል። በብዙ የፌንደር ባሶች ላይ የሚገኘው በቀጭኗ አውታር ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት ባለው አካባቢ ነው፤ በሴኮንድ ከ131 እስከ 147 ጊዜ በሚርገበገቡት ድምፆች ላይ ማለት ነው። ሄልሙት ፍላይሸር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ይህን ነገር በመሣሪያ ለክቶ አንገቱ በቀላሉ በሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ድምፁ ቶሎ እንደሚሞት አሳይቷል። በአንገቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት ቢታሰር የሞተው ቦታ ከአንድ ፍሬት ወደ ሌላው ይሸሻል። አሜሪካዊው ኔድ ስታይንበርገር ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ራስ የሌለው ባስ ከካርቦን ሠርቶ አሳየ። አንገቱ እጅግ ግትር ስለሆነና ጫፉ ላይ የሚወዛወዝ ክብደት ስለሌለው የሞተ ቦታ ጣጣው በጣም ቀንሶለታል። የአጎቴ ቃል ይኸው ነው፤ የአንገት ሥራው መቆም ነው።

ታዲያ ይህ «አንድ ወጥ» የሚለው ፍቅር ከየት መጣ? እኔ ላስታ ተወልጄ ይህን ፍቅር አልወቅሰውም። አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው አንድም ድንጋይ በሌላው ላይ ሳይቀመጥ ያን የመሰለ ሥራ በመሠራቱ መደነቁ አይቀርም። ነገር ግን እዚያው ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ትልቅ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እሱ አልተፈለፈለም፤ ተገጣጠመ እንጂ። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደረበ የተሠራ ነው። በዕድሜ የንጉሥ ላሊበላን ሥራዎች እንደሚቀድም ይነገራል፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። ሁለቱንም ያየ የአገሬ ሰው «የተገጣጠመ ነገር አይጸናም» ሲል አልሰማሁም። መግጠሚያው በደንብ ይሠራ እንጂ።

አንገት ጨርሶ የሌላቸው መሣሪያዎች እንዳሉንም መርሳት አይገባም። ክራርና በገና አንገት የላቸውም፤ ሁለት ምሰሶና በላያቸው የተጋደመ ቀንበር ነው ያላቸው፤ እያንዳንዱ አውታር አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። በባህል ባንዶች ውስጥ ዛሬ የባስን ቦታ የሚይዝ ትልቅ ክራር አለ፤ ባስ ክራር ይሉታል፤ ያለ አንገት ባስ ሆኖ ይሠራል። የበገናው ነገር ከዚህም ይበልጣል። በዐቢይ ጾም ሌሊት ሲደረደር የሰማችሁ እንደምታውቁት ዐሥሩ የበገና አውታሮች ከአገር መሣሪያ ሁሉ የወፈረ ድምፅ አላቸው። ያ ንዝንዝ የሚል፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ የሚመጣው ከምሰሶው ወይም ከቀንበሩ አይደለም። ከበርኩማው ላይ በየአውታሩ ሥር ከምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ እንዚራ ትባላለች። አውታሩ ሲርገበገብ እንዚራዋንና በርኩማውን እየነካ ያነዝራል፤ ዋናው ወፍራም ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይደረባሉ፤ ጆሮአችንም ድምፁ ገና እንዳለ ይሰማዋል። የጥፍር ያህል በማትሞላ ቆዳ የሚመጣውን የቃና ለውጥ ያየ ሰው ስለ መጋጠሚያው መጨነቁን ትቶ በመጀመሪያ በርኩማውንና አውታሩን ይመለከታል።

አሁን ደግሞ ማንም ያላነሣውን ጥያቄ ላንሣ። ለመሆኑ የባስ ድምፅ እጅግ እንዲረዝም እንፈልጋለን ወይ? በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ኩባንያ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጀመርሰን በባስ ተጫዋቾች ዘንድ እንደ አባት የሚታይ ነው። እሱ አውታሮቹን አርጅተው እስኪሞቱ ድረስ አይለውጥም ነበር። በበርኩማው ላይ ደግሞ ድምፁን የሚያፍን ስፖንጅ ያደርግበት ነበር። ዕድሜውን ሆን ብሎ ያሳጥረው ነበር ማለት ነው። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ዝነኛ ያደረገው ቫዮሊን መሳይ የሆፍነር ባስም አካሉ ባዶ፣ አውታሩም አጭር ስለሆነ ድምፁ ደብ ብሎ የሚያልቅ ነው። የእኛው ችክችካ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አጭር ድምፅ ይፈልጋል። በዚያ ፈጣን ምት ውስጥ የፊተኛው ድምፅ ሳይሞት የኋለኛው ከደረሰበት ባሱ እንደ ክረምት ጎርፍ ይደፈርስና ተወዛዋዡ ትከሻውን የሚጥልበት ያጣል።

ይህን በደንብ ለመስማት የሚፈልግ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በካሴት የወጡትን የሮሃ ባንድ ሥራዎች ፈልጎ ያዳምጥ። ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስሟ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔም ባንዱን ከመስማቴ በፊት በስሙ ብቻ ወድጄው ነበር፤ አድልዎ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። በዚያ ባንድ ውስጥ ባሱን የሚመታው ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን የሚመታው ሰላም ሥዩም ነበሩ። የጆቫኒን ባስ ልብ ብላችሁ ስሙት። የተጻፈውን ያህል ያልተጻፈውን ይጫወታል፤ ድምፁ ገብቶ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል፤ ከከበሮው ጋር ቦታ ይለቃቀቃሉ። የድምፁን ዕድሜ የሚወስነው ጣቱ ነው። መልቀቅ ባለበት ጊዜ ይለቃል። አንገቱ በምን እንደታሰረ ከካሴቱ ላይ ሰምቶ የሚነግረኝ ሰው ካለ ምሳ እጋብዘዋለሁ።

እንግዲህ ለክበባችን በቪት የታሰረው ይገዛና በተረፈው ገንዘብ አምፕሊፋየር ይገዛ። ይህ የእኔ ድምፅ ነው፤ በስብሰባውም እደግመዋለሁ። ለመግዛት የሚሄዱት ጓዶች ግን ዝም ብለው ዋጋ ጠይቀው እንዳይመለሱ። በመጀመሪያ መሣሪያውን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይን አቅርቦ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ነው። ጥቂት ወደ ፊት ማጎንበስ አይከፋም፤ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ከሆነ ግን ዘንጉም አያድነውምና መተው ነው። ቀጥሎ አንገቱ በገባበት ቦታ ዙሪያ ሰፊ ክፍተት እንዳለ ይታይ፤ አንገቱ በእጅ ሲገፋ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ቪቶቹ ላልተዋል ወይም ቦታው በደንብ አልተቆረጠም። የዘንጉ ቁልፍ እንደሚዞር ይጠየቅ፤ ያልዞረ እንደሆነ ነገ ክረምት ሲገባ የምንጨነቀው እኛ ነን። ከዚያ ያለ አምፕሊፋየር፣ ጆሮን በአካሉ ላይ አስደግፎ፣ ቀጭኗን አውታር ከ4ኛው ፍሬት ጀምሮ እስከ 8ኛው በአንድ ዓይነት ኃይል አንድ በአንድ እየመቱ እስኪያልቅ ማዳመጥ ነው። ከጎረቤቶቹ ፈጥኖ የሚሞት ድምፅ ከተገኘ ሌላው ሰው የአንገቱን ጫፍ በእጁ ጨብጦ እንደገና ይመታ፤ ድምፁ ከተለወጠ ሌባው አንገቱ ነው። ያኔ ከዚያው ዓይነት ሌላ መሣሪያ ይውረድና ይሞከር፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት አንገቶችም አንድ ዓይነት አይደሉምና።

ይህ ሁሉ ሰዓት ይፈጃል። ባለ ሱቁ በየፍሬቱ ላይ ስንቆም መሰልቸቱ ስለማይቀር፣ ከሚሄዱት መካከል አንዱ ጨዋታ የሚያውቅና ቡና የሚጋብዝ ሰው ይሁን።